የሸማኔው ጉልበት

ግራዝማች ጓንጉል በአገረ ገዥው በደጃዝማች በተሾሙ በሳምንቱ አዲሱን ካባቸውን ደርበው ለቅሶ ቤት ገቡ። ሰው ሁሉ ተነሳ፤ አንድ ድሃ ሸማኔ ግን ንቅንቅ አላለም። ጥቂት ቆይቶ አገሩን ሁሉ ያዋለዱት እማማ ደብሪቱ ሲመጡ ያው ሸማኔ ከመደቡ ብድግ ብሎ ስፍራውን ለቀቀላቸው።

በማግስቱ ግራዝማች አስጠሩትና ባለአለንጋ ከኋላው አቆሙበት።

«አንተ ቁጢት በጣሽ ሸማኔ! እኔ እበልጣለሁ ወይስ ያቺ አሮጊት? እኔ ካልክ ስላልተነሳህልኝ አርባ ትገረፋለህ። እሷ ካልክም ሹመት ስለናቅህ አርባ ትገረፋለህ።»

ሸማኔው ኩታውን አደግድጎ፣ «ጌታዬ፣ በማዕረግስ እርስዎ ይበልጣሉ፤ ማን ይክዳል?» አለ። «ሹመቱ የደጃዝማች ነበር፣ ሰጡዎት። መነሳት ግን በእኔ ጉልበት ነው። እሱንም ደጃዝማች ሰጥተውዎት ከሆነ አልሰማሁም።»

«ታዲያ ለእኔ መቼ ልትነሳ ነው?»

«ዛሬ ብነሳ ለካባው ነው፣ ጌታዬ። የተሻሩ ለታ ያለ ካባ ይምጡ። ያን ቀን የሚነሳልዎ ሰው ካለ፣ ለእርስዎ ተነሳ ማለት ነው።»

ባለአለንጋው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ትከሻው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ግርፋቱም በዚያው ቀረ።