የጋሽ ልሳነወርቅ ድምፅ

አንድ ቀን፣ ዕለቱ እሁድ ነው፣ የግቢው ሰው በሙሉ ወንበሩን እየተሸከመ ወደ ኮሚናሉ ይጎርፍ ነበር። ኮሚናል የሚባለው ለኮንዶሚኒየሙ ነዋሪ ሁሉ የተሠራው የጋራ ቤት ነው፤ በግ ይታረድበታል፣ ለቅሶ ይቀመጡበታል፣ ስብሰባም ይሰበሰቡበታል። የዚያን ዕለት ግን በግም አልነበረም፣ ለቅሶም አልነበረም። የግቢው ማህበር ሰብሳቢ ጋሽ ልሳነወርቅ በቴሌቪዥን ሊታዩ ነው።

ጋሽ ልሳነወርቅ የማያውቁት ነገር የለም። ሐኪም ቤት ሄደው ለሐኪሙ መድኃኒት የሚያዙ ሰው ናቸው። ቧንቧ ሠሪ ቢጠራ፣ ውሃው ሳይፈስ እሳቸው ይፈሳሉ። ባለቤታቸው እንኳ «ስም ያወጣላቸውን ሰው ባገኘው ጥሩ ነበር፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ልሳኑን ሰማሁ፣ ወርቁን ግን አላየሁም» ይላሉ አሉ። እንግዲህ እኚህን ሰው ነው ከወር በፊት የቴሌቪዥን ሰዎች መጥተው «ምሳሌ የሚሆን ግቢ» ብለው የቀረጿቸው። ኮታቸውን ግጥም አድርገው፣ አበባው አጠገብ ቆመው ተናገሩ። አበባው ራሱ ለዚያች ቀን ከጎረቤት ብሎክ በውሰት የመጣ ነበር፤ እሱን እንኳ ይለፉት።

ወደ ዋናው ነገር ስንመጣ፣ አንደኛ ፎቅ ላይ ቢያድግልኝ የሚባል ተከራይ አለ። ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር በአንዲት ክፍል ይኖራል። ከደረጃው ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ ሬዲዮ፣ ካውያ፣ ቴሌቪዥን ይጠግናል፤ የቤቱ ጉርስ የሚወጣው ከዚያች ጠረጴዛ ነው። ጋሽ ልሳነወርቅ ደግሞ ያችን ቦታ ፈለጓት። «ለማህበሩ ዕቃ ማስቀመጫ ትሆናለች» አሉ። የማህበሩ ዕቃ የተባለው ከገዛ ቤታቸው ያስነቀሉት የገላ መታጠቢያ ገንዳ መሆኑን ግን ግቢው ሁሉ ያውቃል። ገንዳው በራቸው ላይ ተጋድሞ የስንቱን ሰው ቅልጥም መትቷል!

ለዚህ ነገር ባለፈው እሁድ ስብሰባ ተጠርቶ ነበር። ቢያድግልኝ እጁን አወጣ።

«ጋሼ፣ ስለ ጠረጴዛዬ አንድ ነገር ልናገር…»

«ቆይ፣ ቤቱ የማነው?»

«ተከራይቼ ነው።»

«እንግዲያስ በዚህ ማህበር ተከራይ ድምፅ የለውም። አንተ ተመልካች ነህ። ተመልካች ደግሞ ቁጭ ብሎ ይመለከታል።» ይህን ብለው ወደ ጸሐፊዋ ወደ ወይዘሮ የውብዳር ዞሩና፣ «ጻፊው! ተከራይ ድምፅ የለውም» አሏት።

የውብዳር ከንፈሯን እየመጠጠች ጻፈች። ከሠላሳው ቤት አሥራ ስምንቱ በተከራይ የተያዘ ነው፤ ያ ሁሉ ሰው በአንዲት መስመር ዲዳ ሆኖ ቀረ። እንዳጋጣሚ የዚያን ዕለት የመጡት ባለቤቶች አምስት ብቻ ስለነበሩ ውሳኔው ለሚቀጥለው እሁድ ተላለፈ።

«ይሻላል» አሉ ጋሽ ልሳነወርቅ። «እሁድ በቴሌቪዥን እቀርባለሁ። መጀመሪያ እኔን ታያላችሁ፣ ከዚያ እጅ እናወጣለን።»

አይ ብልጠት! በቴሌቪዥን የወጣን ሰው ፊት ለፊት ማን እምቢ ይለዋል?

ቢያድግልኝ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አልነበረውም። ሚስቱ «ሌላ ቦታ ፈልግ» ትለዋለች፤ ሌላ ቦታ ከየት ይመጣል? ደንበኛው ሁሉ የሚያውቀው ያችን ደረጃ ነው።

ሐሙስ ዕለት ታዲያ መብራት ሄደ። ሄዶ ሲመለስ የጋሽ ልሳነወርቅን ቴሌቪዥን ይዞት ሄደ። ጭሱ በመስኮት ሲወጣ ያላየ የለም። ባለቤታቸው፣ «ቢያድግልኝ እታች አለልዎት አይደል? አውርደው ያሳዩት እንጂ» ቢሏቸው፣ «እሁድ የማስነሳውን ሰው ሐሙስ ልለምነው?» አሉ። «እንግዲያስ ጎረቤት ቤት እንየው» ቢሏቸው፣ «የራሴን ፊት በሰው ቤት?» ብለው ተቆጡ።

ቅዳሜ መርካቶ ወርደው የልብስ ሳሙና የምታክል ጥቁር ሳጥን ገዝተው ተመለሱ። ደረጃ ላይ ያገኙትን ሁሉ እያስቆሙ፣ «ይቺ ቱነር ትባላለች። አንቴናውን ከኋላዋ መሰካት፣ እሷን ከኮምፒውተሩ ጋር ማገናኘት፣ በቃ! ኮምፒውተሩ ቴሌቪዥን ሆነ ማለት ነው» እያሉ አስተማሩ። ኮምፒውተር ያሉት የማህበሩን ነው። ያ ኮምፒውተር ከተገዛ ጀምሮ ኮሚናሉ ውስጥ ዳንቴል ለብሶ ከመቀመጥ በቀር ሌላ ሥራ ሠርቶ አያውቅም።

«ቢያድግልኝ ያግዝዎት ይሆን?» አለቻቸው የውብዳር።

«ለመሰካት ደግሞ ምን እገዛ ያስፈልጋል? ቀዳዳ አይቶ መክተት ነው!»

ከካርቶኑ ውስጥ ሦስት ገመድ ወጣ። ሁለቱን እንደምንም አገናኙ። ሦስተኛዋ፣ ቀጠን ያለች ጥቁር ገመድ፣ እጃቸው ላይ ቀረች። ወደ ብርሃን አንስተው አገላብጠው አዩዋትና፣ «ይቺ ትርፍ ናት። ቻይና መቼም ትርፍ ሳይጨምር አይልክም» አሉ። ኮምፒውተሩ ላይ ፀሐይ ያርፍበት ስለነበር መስኮቱን በወፍራም ብርድ ልብስ ጋረዱትና በዚያች «ትርፍ» ገመድ ጥፍር አድርገው አሰሩት። ምስሉ ጥርት ብሎ መምጣቱን አዩና ወዲያው አጠፉት። እንዳይለመድ ነው መሰል።

እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ኮሚናሉ ጢም አለ። ቢያድግልኝ ከሁሉ ኋላ ገባ። መቼም ዓይን ወደ ለመደው ነውና መጀመሪያ ሳጥኗን አየ፣ ከሳጥኗ ወደ ኮምፒውተሩ ስፒከሮች ሄደ፣ ከዚያ ወደ መስኮቱ። መስኮቱ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። የድምፁ ገመድ ብርድ ልብስ ታቅፋ ተንጠልጥላለች! «ጋሼ…» ሊል አፉን ከፈተ። ባለፈው እሁድ የተባለው ትዝ አለውና መልሶ ገጠመው። ሄዶ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ።

ጋሽ ልሳነወርቅ ቁልፉን ተጫኑ። ብቅ አሉ! ኮታቸው፣ አበባው፣ ሁሉም ልክ ነው። ሴቱ እልል አለ። የስክሪኑ ልሳነወርቅ አፋቸውን ከፈቱ፣ ዘጉ፣ ከፈቱ፣ ዘጉ። ቃል የለም፣ ትንፍሽ የለም።

እማማ ደብሪቱ ጆሯቸው የደከመ አሮጊት ናቸው፤ ለመስማት ብለው ከፊት ተቀምጠዋል። «ወይኔ ልጆቼ!» ብለው ጮኹ። «ዛሬስ ጨርሼ ደነቆርኩ!»

«አይዞዎት እማማ» አላቸው አንዱ ከጎናቸው። «ዛሬ ሁላችንም እንደርስዎ ነን።»

«ምን እያሉ ነው ግን?» አለ ሌላው።

«ኧረ ምንም። ማስቲካ እያኘኩ ነው።»

ጋሽ ልሳነወርቅ ስፒከሩን እስከ መጨረሻው ጠመዘዙት። ሳጥኗን መቷት። አንስተው እፍ አሉባት። እላይ ያሉት ልሳነወርቅ እጃቸውን እያወናጨፉ ተረጋግተው ይናገራሉ፤ እታች ያሉት ልሳነወርቅ ላብ በላብ ሆነው ይንደፋደፋሉ።

«ስንት ደቂቃ ነው የሚቆየው?» ብላ ጠየቀች የውብዳር።

«ሦስት! አንዱ አለቀ!» ዞር ሲሉ ቢያድግልኝን አዩት፤ እጁን አጣጥፎ ቁጭ ብሏል። «አንተ! ምን ተጎልተህ ታያለህ?»

«ተመልካች አይደለሁ ጋሼ? ቁጭ ብዬ እየተመለከትኩ ነው።»

«አሁን ቀልድ ነው? የምናገረው ሊያመልጥ ነው እኮ! ተነስ፣ ድምፅ ስጠኝ! በእናትህ ድምፅ ስጠኝ!»

ቢያድግልኝ ቀስ ብሎ ተነሳ። ሱሪውን አራገፈ።

«ጋሼ፣ እኔ ተከራይ ነኝ። የሌለኝን ድምፅ ከየት አምጥቼ ልስጥዎ?»

ኮሚናሉ በሳቅ ፈረሰ። ከወንበር የወደቀም አለ። እማማ ደብሪቱ «ምን አለ? ምን አለ?» እያሉ የጎረቤታቸውን ነጠላ ይጎትታሉ። ጋሽ ልሳነወርቅ አንዴ ሕዝቡን፣ አንዴ ምስላቸውን አዩ። ምስላቸው አሁንም በስክሪኑ ላይ አፉን እየከፈተ ነው።

«አለህ!» አሉ በመጨረሻ። «ድምፅ አለህ! የውብዳር፣ ያንን ሰርዢው!»

«ለእሱ ብቻ ልጻፍ ወይስ ለተከራይ ሁሉ?» አለች የውብዳር፣ ብዕሯን አንስታ። ምን ዋጋ አለው፣ የዚያን ዕለት ደግሞ እጇ ቀስ አለ።

«ለሁሉም! ለፈለግሽው! ቶሎ በይ!»

«‹ተከራይ… ድምፅ… አለው።› እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።»

ሳያነቡ ፈረሙ። ቢያድግልኝም ወደ ኮምፒውተሩ በመሄድ ፈንታ ወደ መስኮቱ ተራመደ።

«ወዴት ነው? ኮምፒውተሩ እዚህ ነው!»

«ድምፅዎ እዚህ ታስሮ ነው ጋሼ። ልፈታልዎ ነው» አለና ገመዷን ፈታት።

ብርድ ልብሱ ዱብ አለ። ፀሐይ ግልብጥ ብላ ገባችና ስክሪኑን አጠፋችው። ምስሉ የት እንደገባ ጠፋ። «ያዙት! ያዙት!» ተባለ፤ የሚይዝ ሰው ግን የለም፤ ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ እየሳቀ ነው። ጋሽ ልሳነወርቅ ራሳቸው ሮጡና ብርድ ልብሱን አንስተው፣ አንድ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው መስኮቱ ላይ ደገፉት። እንግዲህ ፊታቸው ወደ ግድግዳው፣ ጀርባቸው ወደ ምስላቸው ሆነ። ለወር ሙሉ የጠበቁትን ፊታቸውን አገር ሲያየው እሳቸው ብርድ ልብስ ያያሉ።

ቢያድግልኝ የገመዷን አንዱን ጫፍ ሳጥኗ ላይ፣ ሌላውን ስፒከሩ ላይ ሰካ። ስፒከሩ እስከ ጥግ ተከፍቶ ነበርና ድምፁ ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ፦

«…በእኛ ግቢ ድምፁ የማይሰማ አንድም ነዋሪ የለም። አመሰግናለሁ!»

አለቀ። ከዚያ የሳሙና ማስታወቂያ ገባ።

የውብዳር ሳቁ ጋብ እስኪል አልጠበቀችም። ብድግ አለችና፣ «እንግዲህ ጋሼን አይተናል፤ እንዳሉት እጅ እናውጣ። ቢያድግልኝ ከደረጃው ሥር ይቆይ የምትሉ?» አለች። የተከራዩ እጅ ሁሉ ተተከለ። ከባለቤቶቹም ካውያና ሬዲዮ ያስጠገነው ሁሉ አወጣ። የውብዳር በጣቷ እየጠቆመች ቆጠረች።

«…ሃያ አምስት፣ ሃያ ስድስት። ጋሽ ልሳነወርቅ ሃያ ሰባት።»

ጋሽ ልሳነወርቅ እጃቸውን እንደሰቀሉ አንገታቸውን ብቻ ጠመዘዙ። «እኔ? ኧረ እኔ ብርድ ልብሱን ደግፌ ነው!»

በማስታወቂያው ጩኸት መሐል ለእማማ ደብሪቱ የደረሰቻቸው የመጨረሻዋ ቃል ብቻ ነበረች።

«ሰማሁ፣ ሰማሁ! ‹ደግፌ ነው› አሉ። ጻፊው ልጄ!»