ዝናብ የሚለምነው ፋብሪካ

አንድ ባለጸጋ ነበረ፤ ፀሐይ በማትጠፋበት ቆላ ተወልዶ ያደገ። አገሩ ሰፊ ናት። የእሱ ቆላ ጥጥ ያበቅላል። ጥጡ በመኪና ተጭኖ በሐይቅ ዳር ወዳለች ከተማ ይሄድና በዚሁ ሰው ፋብሪካ ተፈትሎ ጨርቅ ይሆናል። ጨርቁ ደግሞ ወደ ደጋ ይወጣል፤ እዚያ ያሉ ልብስ ሰፊዎች የተማሪ ዩኒፎርም ያደርጉታል።

እህቴ፣ አንቺ ትናንት በክልላችን ስብሰባ ላይ ያነሳሽው ጥያቄ ይህንንም ሰው እንቅልፍ ነስቶት ነበር። «ጥጡ የኛ ሆኖ ለምን ሌላው ይፈትለዋል? ለምን ሁሉንም እዚሁ አንሠራም?» ይል ነበር። በመጨረሻ ማሽኖቹን ከሐይቁ ዳር አስነቅሎ ቆላው ውስጥ ተከላቸው። የአገሩ ሰው በእልልታ ተቀበለው።

ማሽኖቹ ሥራ ሲጀምሩ ክሩ ይበጠስ ጀመር። ይቀጥሉታል፤ መልሶ ይበጠሳል። መካኒክ ቢጠራ ማሽኑ ደህና ነው አለ። አንድ ቀን ድንገት ዝናብ ጣለ። ክሩ ሳይበጠስ ዋለ፤ ሠራተኞቹ ጨፈሩ። በማግስቱ ፀሐይ ስትወጣ ክሩ እንደገና ተበጣጠሰ። ያን ጊዜ ነገሩ ገባቸው። ክር እርጥብ አየር ይፈልጋል፤ የቆላው አየር ደረቅ ነው።

ሰውየው ግን እልኸኛ ነበር። የፋብሪካውን ወለል ጠዋት ማታ በውሃ ያስረጥብ ጀመር። የቆላው ሕዝብ ውሃ የሚቀዳበት ቦኖ ደረቀ። ጀሪካን ይዘው የተሰለፉ ሴቶች ሲያልፍ አይተውት፣ «ጋሼ፣ ክርዎ ጠጥቶ ሲጠግብ ለኛም ያስተርፉልን!» አሉት።

ትምህርት ቤት ሊከፈት ተቃርቧል። የደጋ ልብስ ሰፊዎች፣ «ጨርቁ ካልደረሰልን ከውጭ አገር እናስመጣለን» ብለው ላኩበት። ይህ ከሆነ የቆላው ገበሬ ጥጥ መጋዘን ውስጥ መቅረቱ ነው፤ ገበሬዎቹ ደግሞ ዘመዶቹና ጎረቤቶቹ ናቸው። ሰውየው ማሽኖቹን መልሶ አስጫነ። ራሱም ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ ወደ ሐይቁ ሄደ።

ስድብ ሲጠብቅ ሳቅ ገጠመው። ለካ የሐይቁ ሰዎችም ማሽኖቹ ሲሄዱባቸው፣ «እኛስ ጥጥ ማብቀል ያቅተናል?» ብለው በእልህ ዘርተው ኖሯል። አበባ ሳያወጣ ሥሩ በእርጥበት በሰበሰ።

አንዲት የፋብሪካው ፈታይ የማሽኑን አቧራ በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣ «እናንተ ዝናብ፣ እኛ ፀሐይ ስንለምን ከርመናል! እግዜርስ ማንን ይስማ?» አለችው።

ሰውየው እንባው እስኪመጣ ሳቀ። የዚያን ዕለት የማሽን ተከላ ከሠርግ በላይ ደመቀ፤ ጎረምሶቹ እየዘፈኑ ብረት ተሸከሙ። ጨርቁም በጊዜው ደጋ ደረሰ። የቆላው፣ የሐይቁና የደጋው ልጆች አዲስ ዩኒፎርም ለብሰው ትምህርት ቤት ገቡ።

እንግዲህ እህቴ፣ የኛም አገር እንዲህ ናት። ክልላችን ከሌላው ክልል ክር ስለተቀበለ አያንስም፤ ሌላውም የኛን ጥጥ ስለጠበቀ አላነሰም። ሁሉንም ለብቻችን እንሥራ ስንል የምንበጥሰው ጎረቤቶቻችንም እኛም የያዝነውን አንድ ክር ነው። ይልቅ መሬታችን ምን እንደሚያፈራ፣ የኛን ሥራ የሚጠብቀውም ማን እንደሆነ እንጠይቅ።

ይህን ትናንት እዚያው ልነግርሽ ይገባ ነበር። እኔ ግን ጥያቄሽን በሰው ፊት በፌዝ አለፍኩት። ይቅር በይኝ።