አህያዋ የለመነችው ቦይ

ልጆቼ፣ ተረት ላውጋችሁ፤ እናንተም «እሺ» በሉኝ። እንስሳት አፍ አውጥተው በሚነጋገሩበት በዚያ በጥንቱ ዘመን፣ በአንድ የቆላ መንደር አንዲት አህያ ነበረች። መንደሩ ወፍጮ ስላልነበረው የሁሉን እህል ተሸክማ፣ ተራራ ወጥታ፣ ተራራ ወርዳ ታስፈጭ ነበር። ጀርባዋ ተልጦ ዝንብ አይለየውም።

አንድ ቀን ውሃ ስትጠጣ ወንዙ አዘነላት። «አህዪት፣ እግዜር የማያልቅ ጉልበት ሰጥቶኝ በከንቱ እፈሳለሁ። ተባብራችሁ ቦይ ቆፍሩልኝ፤ ወፍጮ አዞርላችኋለሁ፤ የሁላችሁም ይሁን» አላት።

አህያ ደስ ብሏት ወደ ጃርት ሄደች።

«ወንድሜ ጃርት፣ ደቦ እንውጣ፤ ቦይ እንቆፍር።»

«ቆፋሪ እኔ፣ አስፈጪ ሁሉ! ወፍጮው ከደጄ ካልቆመ ጥፍሬንም አላነሳም።»

ወደ ዝንጀሮ ሄደች።

«ጋሼ ዝንጀሮ፣ ደቦ እንውጣ፤ ቦይ እንቆፍር።»

«የወፍጮው አለቃ ማን ነው?»

«ኧረ ገና ቦዩም አልተቆፈረ!»

«እንግዲያው ሲቆፈር ጥሪኝ።»

ወደ ፍየል ሄደች።

«እቴ ፍየል፣ ደቦ እንውጣ፤ ቦይ እንቆፍር።»

«በግ ትመጣለች?»

«አዎን፣ እሷንም ልጠራት ነው።»

«በይ ደህና ዋይ! ዓምና ሰላም ብያት ፊቷን ያዞረችብኝን አልረሳሁም።»

አህያ ብቻዋን በሰኮናዋ ጫር ጫር ብታደርግ መሬቱ እንቢ አላት።

ይህን ሁሉ አያ ጅቦ ከጫካው ሆኖ ይሰማል። ከነዘመዶቹ ወጥቶ ቆፈረ። ወንዙም በተቆፈረለት ፈሰሰ፤ የጅብ ወፍጮ ዞረ።

ያኔ ሦስቱም መጥተው እህላቸውን አህያ ላይ ጫኑ።

«ይኸው ቅርብ ሆነልሽ!» አላት ጃርት።

«ባለወፍጮው ጅብ ነው እኮ፣ ወንድሞቼ!»

«ባለወፍጮ ከሆነ ወዲህ ጨዋ ሆኗል» አለ ዝንጀሮ።

«እንዲያውም ይጾማል አሉ» አለች ፍየል።

አህያ ሄደች። እህሉም፣ እሷም አልተመለሱም።

ሦስቱ ወደ ወንዙ ሮጡ። «ምነው ጉልበትህን ለጅብ ሰጠህ?» ብለው አለቀሱ።

«እኔማ አስቀድሜ በአህያ አፍ እናንተን ነበር የለመንኩ። ምን ላድርግ፣ ውሃ በተቆፈረለት ይሄዳል» አለና እያዘነ ወረደ።

ከዚያ ወዲህ እህላቸውን በየጀርባቸው ተሸክመው ያንን ተራራ ይወጣሉ። ከአናቱ ደርሰው ሲያርፉ የአህያን ስም የሚጠራ የለም፤ ሁሉም ግን እሷን ያስባል።

ልጆቼ፣ እኔ ነገርኩ፤ እግዜር በልቦናችሁ ያሳድረው፦ በጋራ ያልቆፈሩት ቦይ፣ ለጅብ ይሆናል ሲሳይ።