የቀርከሃው በር

አንዲት ሴት ነበረች፤ ወንዝ ተሻግራ ያገባች።

ጥያቄሽን አልረሳሁትም፣ ወይንሸት ልጄ። «በጋብቻ ያገኘሁት የሁለት ዓመት የመኖሪያ ፈቃዴ ወደ ቋሚ እንዲዞርልኝ ማመልከቻ ልናስገባ ነው፤ ባሌና እኔ ተለያይተን የኖርንባቸውን አራት ወራት ልናገር ወይስ ልደብቅ?» ነው ያልሽኝ። መልሱ ያለው እዚህችው ሴትዮ ዘንድ ነው፤ ትንሽ ታገሺኝ። ደግሞ እኔ ሳወራ ስልክ ማየት የለም።

ሴትዮዋ ያገባችው የአንድ በግንብ የታጠረ ከተማ ተወላጅ ነው። ሥራው የሳር ቤት መክደን ነበር። በዚያ ከተማ አንድ ሕግ አለ፤ ከውጭ መጥቶ ተወላጅ ያገባ ሰው ለቤቱ የቀርከሃ በር ይሰጠዋል። ሁለተኛው ዓመት ሊሞላ ሦስት ወር ሲቀረው ባልና ሚስት በሩን ነቅለው፣ እሱ በአንዱ ጫፍ እሷ በሌላው ጫፍ ይዘው፣ አደባባይ ለተቀመጡት ሽማግሌዎች ያስረክባሉ። ሽማግሌዎቹ ትዳሩ የእውነት ትዳር መሆኑን ካመኑ የዝግባ በር ይሰጧቸዋል። የዝግባ በር ያለውን ሰው ከዚያ ወዲያ ማንም ውጣ አይለውም። ካላመኑ ግን መጤው ወንዙን ተሻግሮ ወደመጣበት ይመለሳል። ከቀኑ በፊት በሩን ከመቃኑ የነቀለ ሰው ደግሞ ቤቱን ጥሎ እንደሄደ ይቆጠራል።

ሴትዮዋ ይህንን ሁሉ ታውቃለች። ያልነገራት ሰው የለማ! ውኃ ልትቀዳ ስትሄድ ይነግሯታል፣ ገበያ ስትወጣ ይነግሯታል። እሷም ጠዋት ስትነሳ መጀመሪያ የምታየው በሩን ነው፤ አንድ ስንጥር ወጥቶ እንደሆነ መልሳ ትሰካዋለች። ባሏን ትወደው ነበር። ጓሮዋን ጎመንና ጌሾ አልብሳዋለች። ንግግሯ ላይ ይሳቁባት የነበሩት ጎረቤቶች እንኳ ውለው አድረው በእሷ ዘዬ መናገር ጀምረዋል። እንግዲህ የዝግባው በር ከቀረባት የምታጣው ይህንን ሁሉ ነው።

በሁለተኛው ክረምት መግቢያ ላይ ባልዬው የሰው ቤት ሲከድን ከጣራ ወደቀ። የጭኑ አጥንት ተሰብሮ ደሙ ይፈስ ጀመር። ሰዎች እንደምንም ደግፈው ቤቱ ደጃፍ ድረስ አምጥተው አስተኙትና ወጌሻ ይጠራ ተባለ። ወጌሻው ግን ያለው ወንዝ ማዶ፣ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ ነው፤ እሱ ራሱ በሽተኛ ስለነበር ከቤቱ አይወጣም። ሰውዬውን ተሸክሞ መውሰድ ግድ ሆነ። በምን? አልጋቸው የጭቃ መደብ ነው፤ አይነሳ ነገር። ሴትዮዋ ዞር ዞር አለችና ዓይኗ በሩ ላይ አረፈ።

ባሏ አስተያየቷ ገባው። መሬት ላይ እንደተኛ፣ «ተይ፣ በሩን እንዳትነኪ» አላት።

«አንተ የሌለህበት ቤት በር ምን ያደርግልኛል?» አለችው።

ነቀለችው። አራቱን ማዕዘን በጠፍር አስራ ቃሬዛ አደረገችውና ጎረቤቶቿን ይዛ ተሸክማው ሄደች። እኔ አርባ ዓመት ባልና ሚስት ሳስታርቅ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ብዙ «እወድሃለሁ»፣ ብዙ «እወድሻለሁ» ሰምቻለሁ። እንዲህ ያለውን ግን በቃል የሚለው የለም። ወጌሻው ዘንድ ስልሳ ቀን ተቀመጡ። ቤታቸው ስልሳ ቀን ያለ በር ኖረ። ፍየል እንደልቡ ሲገባና ሲወጣ ከረመ። ሲመለሱ በሩ ጎብጧል፣ ጠፍሩ የታሰረበት ተፍቋል፣ መሃሉ ላይ የደረቀ ደም አለ። መልሰው ቢገጥሙትም አልዘጋ አለ።

ማስረከቢያው ሲደርስ አንዲት ጎረቤት መጣች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ እንዲያውም ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዷ ናት። «ይህን ይዘሽ ከሄድሽ አለቀልሽ» ብላ የቀርከሃ ሠሪ ጠቆመቻቸው። ሰውዬው ልክ የመጀመሪያውን የመሰለ በር ሠራላቸው። አዲስነቱ እንዳይታወቅ ብለው ሦስት ቀን ሙሉ ጢስ አጠኑት። እስቲ አስቢው! በር እንደ ጠላ ጋን ሲታጠን። የራሳቸውን በር ከጎተራው ጀርባ ከተው ሳር አለበሱት።

አደባባይ ወጡ። በሩን ይዘው ከሽማግሌዎቹ ፊት ቆሙ። በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጡት ሽማግሌ ዳር ዳሩን አዩት፣ አሸተቱትም መሰለኝ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ይህ በር የእናንተ ነው?» አሉ።

ባልዬው «አዎ» ሊል አፉን ከፈተና ወደ ሚስቱ ዞረ። እሷ የምታየው እግሩን ነበር። በአንድ እጁ በሩን በአንድ እጁ ምርኩዙን ይዞ፣ ያ የዳነ እግሩ እየተንቀጠቀጠ ነው። ያንን እግር ያዳነውን በር ሳር አልብሳ ደብቃ መምጣቷ ያን ጊዜ አሳፈራት፤ ሽማግሌዎቹን ከመፍራቷ ይልቅ ሀፍረቱ ባሰባት። በእሷ በኩል ያለውን ጫፍ መሬት አስቀመጠችው።

«አይደለም፣ አባቴ። የእኛ የጎበጠ ነው። አፍረን ደበቅነው» አለች።

አደባባዩ አጉረመረመ። አንዱ ሽማግሌ አሁኑኑ ወደመጣችበት ትሸኝ አለ። ትልቁ ግን እጃቸውን አነሱና የራሳቸውን በር እንዲያመጡ አዘዙ። ሄዱ፤ ባልዬው እያነከሰ፣ እሷ እርምጃዋን በእሱ ልክ እያደረገች፣ ያንን ጎባጣ በር ጫፍና ጫፉን ይዘው መጡ። ሽማግሌው ጠፍሩ የፋቀውን በጣታቸው ዳሰሱት። ደሙ ላይ ሲደርሱ ቆሙና ምን እንደሆነ ጠየቋት። ሁሉንም ነገረቻቸው። ያለቀኑ መንቀሏን፣ ቤቱ ስልሳ ቀን ባዶ መሆኑን፣ አዲሱን በር ማጠናቸውን፣ አንድም አላስቀረች። ይቅርታ አድርጉልኝ ብላም አላለቀሰች።

«ሕጉን አታውቂውም ነበር?» አሏት።

«አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ?»

«ባሌ መሬት ላይ ወድቆ ነበር» አለች።

ሽማግሌው ወደ ጓደኞቻቸው ዞሩ። «በር ነቅሎ የጠፋ ስንቱን አይተናል» አሉ። «ሕጉ ቤቱን ጥሎ የሄደ ነው የሚለው። ይህቺ ሴት ቤቷን ጥላ አልሄደችም። ተሸክማው ነው የሄደችው።»

የዝግባውን በር በዚያው ቀን አስገጠሙላት። የታጠነውን ደግሞ ለዶሮ ቤት አድርጉት አሏቸው።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። እነዚያን አራት ወራት የት ነበርሽ? የባልሽን እናት ስታስታምሚ አይደለም? እሱ እዚህ ሥራውን ይዞ፣ አንቺ እዚያ እናቱ ዘንድ ያቺን አሮጊት እያገላበጥሽና እያጠብሽ፣ እስክትቀበር ድረስ። ይህንን ነው እንግዲህ እንደ ነውር ልትደብቂው ያሰብሽው! አራቱንም ወር አንድ ቤት እንደኖራችሁ አድርገሽ ቅጹን ሙዪው ያለችሽ ጓደኛሽ ክፉ አስባ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን ያ የታጠነ በር ነው። ማመልከቻሽን የሚያየው መሥሪያ ቤት ያንቺን ልብ ከፍቶ ማየት አይችልም። የሚያየው ሁለታችሁ ጫፍና ጫፉን ይዛችሁ የምታመጡትን ነው። ስለዚህ የጎበጠውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ምን እንዳጎበጠውም ሳታፍሩ ተናገሩ። የማስገቢያውንም ቀን አታሳልፉ።

በይ ተነሽ። የአማትሽን የሆስፒታል ወረቀት የት ነው የደበቅሽው? አውጪው።