የዳልቺት ቃላት

አንድ ጊዜ፣ አራዊትና የቤት እንስሳት በአንድ ጣሪያ ሥር በሚማሩበት አገር፣ ዳልቺት የምትባል አህያ ነበረች። ጠዋት ጠዋት እህል ተጭና ወፍጮ ቤት ትወጣለች፤ ከሰዓት በኋላ ስምንተኛ ክፍል ትማራለች። በዚያ ዓመት ከትምህርት ቤቱ አንድ ተማሪ ብቻ ከወንዝ ማዶ ወዳለው አዳሪ ትምህርት ቤት እንዲሄድ ተፈቀደ። ተማሪው የሚመረጠው በእንግሊዝኛ ድርሰት ነው። ማዶ የተሻገረ ጭነት ይቀርለታል፤ ቀኑን ሙሉ ይማራል። ዳልቺት ይህን ከሰማች ጀምሮ ሌላ ሐሳብ አልነበራትም።

እንግሊዝኛ የሚያስተምረው መምህር ቀበሮ ነበር። ሦስት መቶ ቃላት ከነትርጉማቸው ሰሌዳ ላይ ይደረድርና «ሸምድዱ!» ብሎ ይወጣል። ዳልቺትም መጀመሪያ እንደ ሌሎቹ ሸመደደች። የሸመደደችው ሁሉ ግን ሳምንት ሳይሞላው ከራሷ ውስጥ ብን ብሎ ሲጠፋ አየችና የራሷን መንገድ ያዘች። በቀን ሁለት ቃል ብቻ። አዲስ ቃል መጽሐፍ ውስጥ ሲገጥማት፣ የተገኘበትን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ትገለብጣለች፤ ከየትኛው ቃል ጋር አብሮ እንደሚሄድ ታያለች። ከዚያ ወደ ወፍጮ ቤት ስትወጣ፣ ዳገቱ ላይ እያለከለከች፣ ስለ ራሷ ኑሮ አንድ ዓረፍተ ነገር ትሠራበታለች። በሦስተኛው ቀን ደብተሯን ሳትገልጥ ትሞክረዋለች። ከጠፋባት አትናደድም፤ እንደገና ትጀምራለች። ከሰባተኛ ክፍል ጀምራ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ አደረገች።

የፈተናው ውጤት የሚነገርበት ቀን ደረሰ። መምህር ቀበሮ ወረቀቶቹን በብብቱ ይዞ ገባ።

«አንደኛ የወጣው አያ ጅቦ ነው!» አለ።

ተማሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አያ ጅቦ ሦስት ዓመት እዚያው ስምንተኛ ክፍል የተቀመጠ፣ የራሱን ስም እንኳ በእንግሊዝኛ ሲጽፍ ፊደል የሚውጥ ተማሪ ነበር።

«የእኔስ መምህር?» አለች ዳልቺት።

ቀበሮ ወረቀቷን በአንድ ጥፍሩ አንጠልጥሎ ለሁሉም አሳየ። በቀይ ቀለም ትልቅ ዜሮ ተጽፎበታል።

«የአንቺ የተሰረቀ ነው። እዚህ ጋ ‹ሪላክታንት› ይላል። እዚህ ጋ ‹ኢንዱር› ይላል። እስቲ ተማሪዎች እናንተው ንገሩኝ፤ አህያ እንዲህ ያለ ቃል ከየት ታመጣለች?»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። የዳልቺት ሁለት ጆሮዎች እሳት እንደነካቸው ጋሉ። ዜሮው አይደለም ያቃጠላት፤ ጥያቄው ነው። ሁለት ዓመት ዳገት ላይ የደከመችበት ነገር በአንድ ሳቅ ከእጇ ሲወጣ ተሰማት።

«ከማን ሰረቅሁ?» አለች ብድግ ብላ። «የተሰረቀ ነገር ባለቤት አለው። ባለቤቱን ይጥሩልኝ!»

«ከመጽሐፍ ነዋ!»

«ከየትኛው መጽሐፍ? ከስንተኛው ገጽ?»

ቀበሮ ሲረታ መሳደብ ልማዱ ነው። «ዝም በይ! ለጆንያ የተፈጠረ ጀርባ ይዘሽ ከእኔ ጋር ልትከራከሪ ነው?»

«ድርሰቱን በጀርባዬ አልጻፍኩትም!» ብላ በሩን ከፍታ ወጣች።

በቀጥታ ወደ ርዕሰ መምህሩ ወደ አንበሳ ቢሮ ሄደች። አንበሳ ወንበሩ ላይ ሸለብ አድርጎት ነበር። አንድ ዓይኑን ብቻ ገለጠ።

«ምን ሆነሻል?»

«ሌባ ተባልኩ ጌታዬ።»

«ዜሮ ያገኘ ሁሉ እዚህ እየመጣ የሚያለቅስ ከሆነ እኔ መቼ ልሠራ ነው?»

«አላለቀስኩም» አለች ዳልቺት። «ባላወቅሁት ነገር ዜሮ ቢሰጠኝ አንገቴን ደፍቼ እቀበላለሁ። እኔ የተቀጣሁት ስላወቅሁ ነው። ይህ የት አገር የተደረገ ነው? ይፈትኑኝ። አንዱን ቃል እንኳ ካልመለስኩ ከትምህርት ቤቱ ያባርሩኝ።»

አንበሳ ሁለተኛውን ዓይኑንም ገለጠ። ቀበሮና አያ ጅቦ ወረቀቶቹን ይዘው እንዲመጡ አዘዘ። ከቁም ሣጥኑ መዝገበ ቃላቱን ሲያወጣው አቧራው አስነጠሰው።

«‹ሪላክታንት› ማለት ምንድን ነው?»

ቀበሮ ቀደማት። «እምቢተኛ ማለት ነው ጌታዬ! ለአህያማ የተሰፋ ቃል ነው።»

«አይደለም» አለች ዳልቺት። «እምቢ ያለ ጨርሶ አይሄድም። ይህ ቃል የሚነገረው እየሄደ ልቡ ለማይሄድ ነው። ጠዋት ጆንያው ሲጫንብኝ እሄዳለሁ፤ ልቤ ግን ክፍል ውስጥ ነው። የጻፍኩትም ይህንኑ ነው።»

አንበሳ በጥፍሩ እየተከተለ አነበበ። ቀና ብሎ ቀበሮን አየው። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ።

«‹ኢንዱር›ስ?»

«መቻል ነው፤ ነገር ግን የአንድ ቀን መቻል አይደለም። የከበደ ነገርን ለረጅም ጊዜ ሳይሰበሩ መቻል ነው። ጆንያ መሸከም በዚህ ቃል አይነገርም ጌታዬ። ስድብ መሸከም ግን ይነገራል።»

አንበሳ ሌሎች ስምንት ቃላት ጠየቃት፤ ስምንቱንም መለሰች። አንዱን ቃል እንዲያውም ከየትኛው ቃል ጋር እንደማይሄድ ጭምር ነገረችው። ከጨረሰች በኋላ ቀጥ ብላ ቆመች።

«አሁን ደግሞ አያ ጅቦንም ከወረቀቱ ይጠይቁልኝ።»

«አያስፈልግም!» አለ ቀበሮ ተሽቀዳድሞ። «ሰዓቱ ሄዷል ጌታዬ፤ መክሰስዎም ይቀዘቅዛል።»

አንበሳ የቀበሮን ችኮላ አልወደደውም። ወረቀቱን ተቀበለና «ጅቦ፣ ገና በመጀመሪያው መስመር ‹እኔ አብስቲሚየስ ነኝ› ብለሃል። ምን ማለትህ ነው?» ሲል ጠየቀ።

አያ ጅቦ ሆዱን አሻሸ። «ጎበዝ በላተኛ ማለት ነው ጌታዬ። ስለ እኔ አይደል የተጻፈው?»

አንበሳ የመዝገበ ቃላቱን ገጽ አገላብጦ ጮክ ብሎ አነበበ። «‹በመብልና በመጠጥ ራሱን የሚገዛ፤ ጥቂት የሚበላ።›»

«እኔ?» አያ ጅቦ ክው አለ። ወደ ቀበሮ ዞሮ ጮኸ። «ምነው መምህር! ያን የሚያህል ታፋ ከእኔ ተቀብለው፣ ጥቂት ይበላል ብለው ይጻፉብኝ?»

ቀበሮ ጅራቱን እግሩ መካከል ከተተ። «ጌታዬ፣ እኔ እኮ ለትምህርት ቤቱ ስም ተጨንቄ…»

«ዝም በል!» አንበሳ ሲያገሳ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ወዲያው የአያ ጅቦን ውጤት ሰረዘ፤ ማዶ የምትሻገረው ዳልቺት እንድትሆን ወሰነ፤ ቀበሮም ከእንግዲህ ፈተና እንዳያርም ከለከለ። ከዚያ ወደ መክሰሱ እያየ «በሉ ይቅር ተባባሉና ውጡ። ነገሩ እዚሁ ይቅር» አለ።

ዳልቺት አልተንቀሳቀሰችም።

«ሌባ የተባልኩት እዚህ ቢሮ ውስጥ አይደለም ጌታዬ። ክፍል ሙሉ ተማሪ እየሰማ ነው።»

«የፈለግሽውን አገኘሽ አይደል? ሌላ ምን ቀረሽ?»

«ማዶውን አገኘሁ። ስሜን ግን ገና አልመለሱልኝም።»

አንበሳ ወደ እሷ ዞሮ «ነገ በሰልፍ ላይ ይነገራል» አለ። ይህችን አህያ ሲያያት ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ልብ ብሎ ያያት ግን ገና አሁን ነው።

በማግሥቱ ከሰዓት በሰልፍ ላይ መምህር ቀበሮ ፊት ለፊት ወጣ። አንገቱን ሰብሮ «ስለ ድርሰቱ ጉዳይ… ስህተት ተፈጥሯል» ብሎ አጉረመረመ።

«ማን ፈጠረው?» አለች ዳልቺት ከሰልፉ መካከል።

ቀበሮ ወደ አንበሳ አየ። አንበሳ ፊቱን አልፈታለትም።

«እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ። «ቃላቱ የዳልቺት ናቸው። አጥንታ፣ ደክማ ያገኘቻቸው ናቸው። ሰርቃለች ያልኩት ዋሽቼ ነው።»

በዚያ ቀን የሳቀ አልነበረም። ክፍል ውስጥ የሳቁት ሁሉ መሬት መሬት ያዩ ነበር። ዳልቺት አላመሰገነችም፤ ፈገግም አላለች። የራሷን ነው የተቀበለችው፤ ለዚያ ምስጋና አይገባም።

ከዚህ የምንማረው፣ ዕውቀት የተማሪውን ዘርና መልክ ሳይሆን ድካሙን እንደሚከተል፣ በድካም ያገኘነውንም በስድብ ሊነጥቁን ሲነሡ ዝም ማለት ትሕትና አለመሆኑን ነው።