ድኩላ የተባለው ከርከሮ

ቀኛዝማች አንለይ የሚባሉ የቆላ አገር ሹም ቀስት አብዝተው ይወዱ ነበር፤ ቀስቱ ግን እሳቸውን አይወዳቸውም። አንድ ቀን ሎሌዎቻቸውን አስከትለው ለአደን ሲወርዱ፣ ጫካውን ያውቃል የተባለ አንድ ምላሰኛ ገበሬ መንገድ እንዲመራ ታዘዘ።

ሎሌዎቹ ድኩላውንም ሚዳቋውንም ሲጥሉ ቀኛዝማቹ ባዶ እጃቸውን ዋሉ። በመጨረሻ ቁጥቋጦ ሲንኮሻኮሽ ሰምተው ቀስታቸውን ለቀቁበት። ሮጠው ቢደርሱ ጥርሱ ያገጠጠ ከርከሮ ተጋድሟል።

«ድኩላ ጣልኩ!» አሉ ቀኛዝማቹ።

«እንዴት ያለ ድኩላ ነው!» እያሉ ሎሌዎቹ ፎከሩላቸው። ገበሬው ብቻ ዝም አለ።

«አንተስ ምን ትላለህ?» አሉት።

ከርከሮ ነው ቢል ጅራፍ እንደሚጠብቀው ገባው። «ጌታዬ ድኩላ ካሉትማ ድኩላ ነው» አለ።

ቀኛዝማቹ በዝምታው ቂም ይዘውበት ኖሮ ፈገግ አሉ። «እንግዲያው ይጠበስና መጀመሪያ አንተ ብላው! እምቢ ካልክ ዋሽተኸኛልና ትገረፋለህ።»

በዚያ አገር ከርከሮ የበላ ሰው ቤተ ክርስቲያን አይገባም፤ ከጎረቤቱም ማዕድ አይቀርብም። ገበሬውን ላብ አጠመቀው። ሥጋው ተጠብሶ ሲቀርብ ሎሌዎቹ አፋቸውን በኩታቸው ሸፍነው ይስቁበት ጀመር።

ገበሬው ግን አደግድጎ እጅ ነሣ።

«ምን ቆርጦኝ ነው ገዳዩን የምቀድመው፣ ጌታዬ? ድኩላ መሆኑን በአፍዎ ነግረውናል፤ አሁን ደግሞ በአፍዎ ያሳዩን።»

ቀኛዝማቹ ወደተጋደመው ጭንቅላት ዞረው ትክ ብለው አዩና፣ «ውይ! ለካ ከርከሮ ኖሯል!» አሉ።