ለቅሶውን በቁሙ የጠየቀ ሰው

አንድ ልብስ ሰፊ ነበረ። ሚስቱ ሞታለች፤ ልጆቹ በሩቅ አገር ናቸው። የአንጀት ካንሰር ተገኘበትና ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ከዚያም ሐኪሙ ኬሞ የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት ስድስት ዙር አዘዘለት። ሆስፒታሉ በሌላ ከተማ፣ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው።

የመጀመሪያውን ዙር ብቻውን ሄደ። ሲመለስ አውቶቡስ ውስጥ እያስመለሰው፣ ዓይኑ እየጨለመበት ደረሰ። ነርሷ «አባባ፣ ሁለተኛ ያለ አስታማሚ እንዳይመጡ» ብላው ነበር። አስታማሚ ከየት ያምጣ? ሕክምናውን ሊተው ቆረጠ።

ወገኖቼ፣ ይህ ሰው ጠያቂ አጥቶ ነው? አላጣም። ብርቱካን ይዘው ይመጣሉ፤ ከንፈር ይመጥጣሉ፤ በዚሁ በሽታ ስለ ሞተ ዘመዳቸው አውርተውለት ይሄዳሉ።

የዕድሩ ስብሰባ ደረሰ። ሰውየው እንደ ምንም ሄዶ እጁን አወጣ።

«ስሞት ስንት ቀን ትቀመጡልኛላችሁ?»

የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ወንዳፍራሽ ተቆጡ። «ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ሦስት ቀን ነዋ! ደንቡ ጠፍቶህ ነው?»

«እንግዲያው እነዚያን ቀኖች አሁን ስጡኝ። አምስት ጉዞ ቀርቶኛል፤ የሚቀጥለው ሰኞ ነው። በየጉዞው አንድ አንድ ሰው አብሮኝ ይዋል። ስሞት አትቀመጡልኝ፤ ቅበሩኝና ወደ ሥራችሁ ሂዱ።»

ሳቅ ሆነ። አንዱ ከኋላ «የራሱን ለቅሶ በቁሙ የሚበላ ሰው ዛሬ ገና አየሁ!» አለ።

ጋሽ ወንዳፍራሽ ግን አልሳቁም። «ወንድሜ፣ ደንባችን እኮ ለሞተ ሰው ነው» አሉ።

ይህን ጊዜ እትዬ ውድነሽ የሚባሉ አባል ተነሡ። «ጋሽ ወንዳፍራሽ፣ መጀመሪያ ይሙትልንና ከዚያ እንርዳው ነው የሚሉት? የሰኞው ተራ የኔ ነው።»

ቀጥሎ አንድ እጅ ወጣ፤ ቀጥሎ ሌላ። በመጨረሻ ዳኛው ራሳቸው አንዱን ጉዞ ወሰዱ።

እትዬ ውድነሽ ሰኞ አብረውት ሲውሉ ነርሷ የምትለውን በደንብ ሰሙ። «ከመድኃኒቱ በኋላ ትኩሳት ከመጣ እስከ ነገ አትጠብቁ። ሰውነቱ ደክሟል፤ ወዲያው ሆስፒታል ውሰዱት» አለች። በሳምንቱ ሊጠይቁት ቢሄዱ ግንባሩ ይፋጃል።

«ብርድ መትቶኝ ነው፤ ይለቀኛል» አላቸው።

«ተነሥ! አንተ ሐኪም የሆንከው መቼ ነው?» ብለው በዚያው ሰዓት ወሰዱት። ደሙ ውስጥ ኢንፌክሽን ገብቶ ነበር፤ በጊዜ ስለ ደረሰ ታክሞ ተረፈ። ስድስቱንም ዙር ጨረሰ።

ዳነ ወይ ትሉኛላችሁ? ሐኪሞቹ ዛሬም እየተከታተሉት ነው፤ የማላውቀውን አልነግራችሁም።

እኛስ ወገኖቼ? ለቀብር ሲሆን ከሥራ እናስፈቅዳለን። ለታመመው ግን ማን አስፈቅዶ ያውቃል? ጸሎትን እያቃለልኩ አይደለም፤ ጸልዩ። የሚጸልይ ሰው ግን ሆስፒታል አግዳሚ ወንበር ላይም መቀመጥ ይችላል። ጉንፋን ከያዛችሁ ካንሰር የሚታከም ሰው ቤት አትግቡ፤ ስልክ ደውሉ። ምግብ ከመሥራታችሁ በፊት የትኛው ሽታ እንደሚያስጠላው ጠይቁ። ስለ ሞቱት ሰዎች አታውሩለት።

በዚህ ሳምንት ከመካከላችሁ አንዱ የታመመ ሰው ሊጠይቅ ይሄዳል። «እግዜር ይማርህ» ብላችሁ ለመሄድ አትነሡ። «ቀጠሮህ መቼ ነው?» በሉት። ቀኑን ይነግራችኋል። ከዚያ በኋላ ምን ትመልሱለታላችሁ?